ሽማግሌ ወደ ማን ይላካል? በዕድሜ የበሰሉ ሴቶች በፍቅር ልብ ወለድ ውስጥ

በአማርኛ የፍቅር ልብ ወለድ አንዲት ሴት ሃምሳ ዓመት ከሞላት በኋላ የሚሰጣት ቦታ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ወይ ልጇን ላልወደደችው ሰው ለመዳር የምትሟገት እናት ትሆናለች፣ ወይ የወጣቶቹን መልእክት የምታመላልስ ሞግዚት፣ ወይ ምክር የምትለግስ አክስት፣ አለዚያም በገንዘቧ ወጣት ወንድ የምታጠምድ ከበርቴ። ከእነዚህ በየትኛውም ውስጥ ፍቅር በራሷ ላይ የሚደርስ ነገር ሆኖ አይቀርብም። የምትናፍቀው፣ እንቅልፍ የምታጣው፣ ስልኳ እስኪጠራ የምትቁነጠነጠው ሴት ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ከሠላሳ ዓመት በታች ናት። ይህ ልማድ አንባቢንም ደራሲንም ብዙ ነገር አሳጥቷል ብዬ አምናለሁ። የፍቅር ታሪክ የሚቆመው በመሰናክሉ ላይ ነውና፣ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሃምሳ አምስት ዓመት ሲሆናት በፍቅሯ ፊት የሚቆመው ሰውም ይለወጣል፤ ቀድሞ በሩን የሚዘጉት ወላጆች ነበሩ፣ አሁን የሚዘጉት ልጆች ናቸው። በዚህ ለውጥ ላይ የሚገነባው ታሪክ ደግሞ ገና አልተጻፈም ማለት ይቻላል።

የወጣትነት ልማዱ ከመጀመሪያው የተተከለ ነው። በ1900 ዓ.ም. በሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ፣ በኋላ «ጦቢያ» ተብሎ የታወቀው፣ በመሐሉ ያቆመው አንዲት ልጃገረድን ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ የዕድሜን ነገር ራሱን የታሪኩ ቁስል አድርጎታል። ፊታውራሪ መሸሻ ከዘራቸውና ከማዕረጋቸው የሚመጥን አማች እየጠበቁ ጠያቂዎችን ሲመልሱ፣ ሰብለ ወንጌል እኩዮቿ የተዳሩበትን ዕድሜ አልፋ ከአባቷ ቤት ትቀራለች። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ትውልድ ሁሉ ይህን መዘግየት እንደ በሽታ አብሯት ታሟል። መጽሐፉ በታተመበት ዘመን ይሠራበት የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ ጋብቻ አሥራ አምስት ዓመትን ይፈቅድ ነበር፤ በዚያ ሚዛን ሃያዎቹን የጀመረች ሴት በእርግጥም የቆየች ነበረች። ሕጉ በ1992 ዓ.ም. ተሻሽሎ ለወንድም ለሴትም አሥራ ስምንት ዓመት ሲሆን፣ የልብ ወለዱ ሰዓት ግን በቀድሞው ፍጥነት መቁጠሩን ቀጠለ።

የአዲስ አበባን ዳርቻ ለሚያውቅ ሰው ጉዳዩ ከመጽሐፍ ገጽ ያልፋል። ከጀሞ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ከቦሌ አራብሳ እስከ የካ አባዶ በተዘረጉት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ፣ በራሳቸው ስም ቤት ያላቸው፣ ብቻቸውን ወይም ከአንድ የልጅ ልጅ ጋር የሚኖሩ፣ ከአርባ አምስት እስከ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ሴቶች በየብሎኩ አሉ። ለዚህ አንዱ ምክንያት ከቤቶቹ ዕጣ 30 በመቶው ለሴቶች ተለይቶ መያዙ ነው። የቀረውን የሠራው የአገሪቱ ታሪክ ነው። በ1970 ዓ.ም. እጮኛዋን በቀይ ሽብር ያጣች የሃያ ዓመት ወጣት ዛሬ ወደ ሰባ ተጠግታለች። በ1991 ዓ.ም. ባሏ ከባድመ ግንባር ያልተመለሰላት የሃያ አምስት ዓመት እናት ሃምሳን አልፋለች። ቤሩት ወይም ጅዳ ሄዳ በሰው ቤት ሠርታ ወንድምና እኅቶቿን ያስተማረችው ደግሞ የራሷን ኑሮ በአርባዎቹ ዕድሜዋ ሀ ብላ ትጀምራለች። እነዚህ ሴቶች ፍቅርን ቀምሰው የጨረሱ አይደሉም፤ ብዙዎቹ ተራቸው ሳይደርስ ሌላውን ሲያሳልፉ የኖሩ ናቸው።

ዳርቻው ለልብ ወለድ የሚሰጠው ሌላ ነገርም አለ፤ እርሱም ምስክር የሌለበት ኑሮ ነው። በካዛንቺስ ወይም በአራት ኪሎ ሠላሳ ዓመት የኖረች ሴት በሰፈሩ ሰው ዓይን የእገሌ ሚስት፣ የእገሌ እናት፣ የሟቹ የሻለቃ ባለቤት ናት፤ ከማን ጋር እንደተራመደች ማታውን ይወራል። በልማት ተነሥታ ገላን ጉራ ስትሰፍር ወይም ዕጣ ወጥቶላት ቱሉ ዲምቱ ስትገባ ግን ጎረቤቷ ከዚያ ቀን በፊት ምን እንደነበረች አያውቅም። እድሩ አዲስ ነው፣ ሰንበቴው አዲስ ነው፣ ቡና የምትጠራራው ሰው ገና እየተመረጠ ነው። መፈናቀሉ ያመጣውን ሐዘን ለማሳነስ አይደለም፤ የለመዱትን ጉልት፣ ሐኪም ቤትና ደብር ማጣት ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን አንዲት የስድሳ ዓመት ሴት በሰው ፊት እንደ አዲስ ሰው የምትታይበት ቦታ በከተማችን ካለ፣ ያ ቦታ የታክሲው መጨረሻ ፌርማታ አካባቢ ነው። የፍቅር ታሪክ ከዚህ የተሻለ መነሻ የሚያገኝ አይመስለኝም።

እነዚህ ሴቶች የፍቅር ልብ ወለድ ታማኝ ተከታታዮችም ናቸው። ቱሉ ዲምቱ ውስጥ በአንድ ብሎክ ምድር ቤት ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጥ፣ በግምት ሃምሳ ስምንት ዓመት የሚሆናት ሴት አለች፤ ከሰዓት በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ ስልኳን ሚዛኑ ላይ ደገፍ አድርጋ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች የልብ ወለድ ትረካ ታዳምጣለች። ደንበኛ ቢመጣም ድምፁን አትቀንስም። አንድ ቀን ተራኪው የሃያ ሁለት ዓመቷን ዋና ገጸ ባሕርይ ልቅሶ እያንቆረቆረ ሲያነብ፣ ዓይኗን ከቢላዋው ሳታነሣ «ልጅ ናት፣ ይወጣላታል» አለች። በዚያ አነጋገር ውስጥ ንቀት አልነበረም፤ ኀዘኔታም ነበረበት። ነገር ግን ታሪኩ ለእርሷ የሚነግራት ነገር የት ላይ እንደሚያበቃ በግልጽ ይታይ ነበር። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ በቃና ቴሌቪዥን ወደ አማርኛ እየተተረጎሙ የገቡት የቱርክ ድራማዎች ይህን ክፍተት አልሞሉትም፤ በእነርሱም ውስጥ የምትፈቀረው ወጣቷ ናት፣ እናትየዋ ደግሞ ሳሎን ተቀምጣ ታሴራለች።

የዓለሙን የፍቅር ልብ ወለድ ስንመለከት መንገዱ ለእነርሱም አጭር እንዳልነበረ እናያለን። እ.ኤ.አ. በ1817 መጨረሻ ለአንባቢ በቀረበው የጄን ኦስተን «ፐርስዌዥን» ውስጥ አን ኤልየት ውበቷ የረገፈ፣ ጊዜዋ ያለፈ ሴት ተደርጋ የምትታየው በሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። በ1908 በለንደን የተመሠረተው ሚልስ ኤንድ ቡን እና በ1949 በካናዳ የተመሠረተው ሃርለኩዊን የተባሉት አሳታሚዎች፣ የፍቅር ልብ ወለድን በየወሩ ለሚሊዮኖች ሲያደርሱ በአብዛኛው የያዙት ወጣቷን ሴት ነበር። በ1996 አሜሪካዊቷ ደራሲ ቴሪ ማክሚላን የአርባ ሁለት ዓመቷን ስቴላን ከእርሷ እጅግ ከሚያንስ ጃማይካዊ ወጣት ጋር በፍቅር ስትጥላት መጽሐፉ በሰፊው ተነበበ። ሃርለኩዊን በ2005 ከወጣትነት ያለፉ ሴቶችን የሚመለከት «ኔክስት» የተባለ ተከታታይ ጀምሮ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አቋርጦታል። ዛሬ በእንግሊዝኛው ዓለም የበሰሉ ሴቶች የፍቅር ልብ ወለድ የራሱ መጠሪያና የራሱ አንባቢ ያለው ንዑስ ዘርፍ ሆኗል፤ ቢሆንም በአንድ ድርጅት ውሳኔ የተገኘ አይደለም፣ ደራሲዎችና አንባቢዎች ሳያቋርጡ ስለጠየቁት የመጣ ነው።

ከገበያው ይልቅ የሚማርከኝ የታሪኮቹ ውስጠኛ አሠራር ነው። እርስ በርስ በማይገናኙ ሦስት አገሮች የተጻፉ ሦስት ልብ ወለዶችን ብናስተያይ አንድ ሰው በሁሉም በር ላይ ቆሞ እናገኘዋለን። የኮሎምቢያው ጋብሪኤል ጋርሲያ ማርኬዝ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው «ፍቅር በኮሌራ ዘመን» ፌርሚና ዳሳ ባሏ ሞቶ፣ ሰባ ዓመት አልፏት፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ ከጠበቃት ሰው ጋር ስትቀራረብ፣ በእንዲህ ያለ ዕድሜ ፍቅር አስጸያፊ ነው ብላ የምትቃወማት የገዛ ልጇ ናት፤ ፌርሚናም ልጇን ከቤቷ ታስወጣታለች። አሜሪካዊው ኬንት ሃሩፍ እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው የመጨረሻ ሥራው አንዲት የሰባ ዓመት መበለት ጎረቤቷን፣ እርሱም ሚስቱ የሞተችበትን፣ ሌሊቱን አብሯት እንዲያወራ ትጋብዘዋለች፤ ግንኙነቱን የሚያቋርጠው ልጇ ነው፣ መሣሪያውም የልጅ ልጇን ከእርሷ ማራቅ ነው። በዚያው ዓመት የናይጄሪያው አቡበከር አዳም ኢብራሂም በአቡጃ ዳርቻ ያኖራትን የሃምሳ አምስት ዓመት መበለት፣ ሐጂያ ቢንታን፣ ከአንድ የሃያ አምስት ዓመት ወሮበላ ጋር አገናኘ፤ ፍቅሯ የሚጋጨው ከሁሉ በላይ ከልጇ ክብር ጋር ነው። መጽሐፉ በ2016 የናይጄሪያን ታላቅ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አግኝቷል። የወግ አጥባቂ ማኅበረሰብ ጸሐፊ ይህን ርእስ ሊነካ አይችልም ለሚሉ ሰዎች ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

በእኛ አገር ይህ መሰናክል ከየትኛውም ቦታ ይልቅ የጠነከረና በዝርዝር የበለጸገ ነው። የጋብቻ ወጋችን ሁሉ የተሠራው ልጅቱ የአባቷ ቤት አላት በሚል ግምት ነው። ሽማግሌዎች ተመርጠው፣ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ በማለዳ የሚሄዱት ወደ ወላጆቿ ነው፤ ቆመው ቃላቸውን ይናገራሉ፣ ተቀመጡ ይባላሉ፣ ቀጠሮ ይሰጣቸዋል። የስድሳ ዓመት ሴት ለማግባት የፈለገ ጡረተኛ መምህር ሽማግሌ የሚልከው ወደ ማን ነው? ወላጆቿ አርፈዋል። ታላቅ ወንድሟ ጎጃም ነው፣ ታሟል። የቀረው የበኩር ልጇ ነው፤ እርሱም ባሕር ማዶ ሆኖ በየወሩ ብር የሚልክላት፣ በስልክ «እማዬ፣ ምን ጎደለብሽ?» የሚላት ሰው ነው። በዚህ ጥያቄ ውስጥ ፍቅርም አለ፣ ሥልጣንም አለ። ምን እንደጎደለባት ብትነግረው ውርደት ይመስለዋል፤ ባትነግረው ደግሞ በሐሰት ትኖራለች። አንድ ደራሲ ይህን የስልክ ንግግር ብቻ በሚገባ ቢጽፈው፣ ገንዘብ ላኪና ገንዘብ ተቀባይ ሆነው የቀሩ እናትና ልጅን አንድ ሙሉ ምዕራፍ ያኖርበታል።

ከክብሩ ሥር ደግሞ ቤቱ አለ። በጋራ መኖሪያ ቤቶቹ የምትኖር እናት ልጆች ብዙ ጊዜ ጮክ ብለው የማይናገሩት ፍርሃት «ሰውዬው ቤቱን ይወስደዋል» የሚለው ነው። በአዲስ አበባ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በዚህ ላይ ግልጽ ነው፦ ከጋብቻው በፊት የነበራት ንብረት የግሏ ሆኖ ይቀጥላል። በውርስ ሕጉም ቢሆን ያለ ኑዛዜ በምታርፍ ሴት ንብረት ላይ በመጀመሪያ የሚጠሩት ልጆቿ ናቸው፤ ባል በባልነቱ ብቻ ወራሽ አይሆንም። ሕጉ ግን ሌላ አንቀጽም አለው፤ በጋብቻ ውል ሌላ ካልተስማሙ በቀር፣ ከግል ንብረት የሚገኘው ገቢ ጋብቻው ጸንቶ ሳለ የጋራ ይሆናል። ስለዚህ ቤቷን አከራይታ ከእኅቷ ጋር የምትኖር ሴት ስታገባ፣ የልጆቿ ወርሃዊ ስሌት በእርግጥ ይነካል። ፍርሃቱ ከፊሉ መሠረተ ቢስ፣ ከፊሉ እውነት መሆኑ ነው ለደራሲ የሚጠቅመው። ልጆቹን ክፉ ሳያደርግ ተቃዋሚ ሊያደርጋቸው ይችላል። ሕጉ ጋብቻዋ ከፈረሰ በኋላ እንደገና ለማግባት እንድትቆይ የሚጠይቃት 180 ቀን ነው፤ ለዕድሜዋ ጣሪያ አላበጀም። ጣሪያውን ያበጀነው እኛ ነን።

ሃይማኖትን የሚጠቅሱም አሉ፤ ነገሩ ግን እንደሚባለው አይደለም። ባሏ የሞተባት ሴት ልጆቿን ካሳደገች በኋላ ቆብ ደፍታ በጸሎት መኖሯ የተከበረ መንገድ ነው፤ ብዙ ሴቶችም በሙሉ ልባቸው መርጠውታል። ችግሩ ብቸኛው መንገድ ተደርጎ ሲወሰድ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክት በምዕራፍ 7 ባሏ ያረፈባት ሴት በጌታ ይሁን እንጂ የወደደችውን ለማግባት ነጻ ናት ይላል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተክሊሉ ለደናግል ሲሆን፣ ቀድሞ ትዳር ለነበራቸው መዓስባንም የሚደርስ የራሱ ጸሎት አለ፤ ማለትም ቤተ ክርስቲያኒቱ ለዚህች ሴት ጋብቻ ቦታ አዘጋጅታለች። በሰማንያ ተጋብተው ሠላሳና አርባ ዓመት የኖሩ ባልና ሚስት በስተርጅና አብረው የሚቆርቡበት የቆየ ልማድም አለን። እቴጌ ጣይቱ በ1875 ዓ.ም. በአንኮበር ከምኒልክ ጋር ሲቆርቡ ሠላሳን ያለፉ፣ ቀደም ሲል አግብተው የፈቱ ሴት ነበሩ፤ ይህ ከንግሥትነት አላገዳቸውም። ሙስሊሙ አንባቢም ከዚህ ሩቅ አይደለም። የነቢዩ ሙሐመድ የመጀመሪያ ባለቤት ኸዲጃ ባላቸው የሞተባቸው፣ ነጋዴ፣ በብዙዎቹ ዘገባዎች መሠረት ከነቢዩ በአሥራ አምስት ዓመት የሚበልጡ ሴት ነበሩ። ባሏ የሞተባት ሴት የምትጠብቀው ዒዳ አራት ወር ከአሥር ቀን ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ ጠብቂ የሚል የለም።

ከላይ ካየናቸው መጻሕፍት ሁለት ዓይነት ታሪኮች ተቀላቅለው ይታያሉ፤ መለየት ያለባቸው ይመስለኛል። አንዱ የበሰለች ሴትና የወጣት ወንድ ታሪክ ነው፤ ሌላው የእኩዮች ፍቅር ነው። የመጀመሪያው በእኛ ከተማ ሹገር ማሚ በሚለው ስድብ ስለተያዘ፣ ደራሲው ገና ሳይጀምር ፍርድ ይጠብቀዋል፤ የስልሳ ዓመት ወንድ የሃያ አምስት ዓመት ሴት ሲያገባ ግን ተመሳሳይ ስም የሚያወጣለት የለም። ይህን ኢፍትሐዊነት የሚነካ ልብ ወለድ ያስፈልገናል። ሆኖም ምርጫው የእኔ ቢሆን የአማርኛው ደራሲ ከእኩዮቹ ቢጀምር እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ወጣቱ ሲገባ ታሪኩ በቅሌቱ ይዋጣል፣ የሴቲቱ ፍላጎት ግን ዳር ይቀራል። የእኩዮች ፍቅር የራሱ ጣጣ አለው። ሁለቱም የሞተ ሰው ፎቶግራፍ ግድግዳቸው ላይ አለ። ሁለቱም የሚወስዱት መድኃኒት አለ። ለወራት «እርስዎ» ሲባባሉ ቆይተው «አንቺ» የሚባልበት ቀን፣ ወጣቶቹ ለመጀመሪያ ጊዜ እጅ ለእጅ ከሚያያዙበት ቀን የበለጠ ሊያስደነግጥ ይችላል።

ሰውነትን በሚመለከት የሚታየውን ዝምታ ማለፍ አልችልም። ማረጥ በብዙ ሴቶች ከአርባ አምስት እስከ ሃምሳ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ይመጣል፤ ሙቀቱ፣ የሌሊት ላቡ፣ እንቅልፍ ማጣቱ በሴቶች ቡና ላይ በግልጽ የሚወራ ነው። በልብ ወለዶቻችን ግን የዚህ ዕድሜ ሴት ሰውነት ያላት አትመስልም፤ ነጠላና ነጭ ፀጉር ብቻ ናት። ጨዋነቱን ጠብቆ መጻፍ ይቻላል። የሚነካት ሰው ከሞተ ሃያ ዓመት ያለፋት ሴት፣ ወደ መርካቶ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሰው መቀመጫ ሲለቅላት ክርኗን ደገፍ ቢያደርጋት፣ ያ መነካት ለአንድ ሙሉ ገጽ ይበቃል። ሳትናገር ወርዳ ቤቷ እስክትደርስ ክርኗን ታስባለች።

የመጨረሻው ጥያቄ ስለ ፍጻሜው ነው። የአሜሪካ የፍቅር ልብ ወለድ ደራሲዎች ማኅበር ዘውጉን ሲተረጉም ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ የፍቅሩ ታሪክ ማዕከል እንዲሆንና ፍጻሜው የሚያረካና ተስፋ የሚሰጥ እንዲሆን። የአማርኛው ባህል ከዚህ ርቆ፣ ታላላቅ ፍቅሮቹን ወደ መቃብር ወስዷቸዋል፤ የአቡጃዋም ቢንታ ታሪክ የሚያልቀው በሐዘን ነው። ለሃያ ዓመት ወጣት ሞት ያልተጠበቀ ስለሆነ አንባቢን ይሰብራል። የስድሳ ዓመት ሴት ፍቅር በሞት ሲያልቅ ግን ጎረቤቶቿ ከመጀመሪያው ሲሉ የነበሩትን ማጽደቅ ይሆናል፤ አልፎበታል፣ ምን አገናኛት፣ ይኸው ቀጣት። ስለዚህ ለዚህች ሴት መልካም ፍጻሜ መጻፍ ከአሳዛኙ ፍጻሜ የበለጠ ድፍረትና የበለጠ ሙያ የሚጠይቅ ነው።

መልካሙ ፍጻሜ ደግሞ በሠርግ ቀን መቆም የለበትም። ፌርሚና ልጇን ከቤቷ ማስወጣት ትችላለች፤ የእኛ አንባቢ ግን በልጇ ላይ በር የዘጋች እናትን ደስታ አብራት የምትደሰት አይመስለኝም። ስለዚህ ልጁ ከባሕር ማዶ መጥቶ፣ ሽማግሌዎቹን በእናቱ ሳሎን ተቀብሎ፣ ስለ ሰውየው ማንነት ሲጠይቅ የምናይበት ትዕይንት መጻፍ አለበት፤ ይህን ማዕረግ በልብ ወለዳችን ውስጥ ለልጅ የሰጠው ደራሲ አላነበብኩም። ከዚያ በኋላ ያለው የኑሮ ዝርዝር ነው። ከአራተኛ ፎቅ ያለው የእርሷ ቤት ይሻላል ወይስ ጉልበት ለሚያመው ሰው የሚመቸው የእርሱ ምድር ቤት? የሚከራየው የትኛው ነው፣ ኪራዩስ በማን ስም ይገባል? በእድሩ መዝገብ ሁለት አባል ሆነው ይቀጥላሉ ወይስ አንድ ቤተሰብ ይሆናሉ? ለሟቹ ባሏ የምታወጣውን ተዝካር አዲሱ ባሏ አብሯት ይደግሳል? ደራሲው እነዚህን ካልመለሰ አንባቢዋ ራሷ ትጠይቀዋለች፤ ጡረታና የቤት ኪራይ ስታሰላ የኖረች ናትና።